ልጄ አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብታ አንድ ቀን ልትውል ነው፤ ምን ይጠብቃታል?

ጠያቂ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ለከርሞ ልናስገባት ያሰብነው ትምህርት ቤት «አንድ ቀን መጥታ ከ9ኛ ክፍል ተማሪ ጋር ትዋልና አይታ ትወስን» ብሎናል። ዝምተኛ ናት፤ ከአሁኑ እንቅልፍ አጥታለች። ቀኑ እንዴት ነው የሚያልፈው? ምን ትልበስ፣ ምንስ ትያዝ? እኔ አብሬያት መዋል እችላለሁ?

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ እኔ በትምህርት ቤታችን እንግዳ ተማሪዎችን ተቀብዬ አብሬ እውላለሁ። ጠዋት ቢሮ ትመዘገባለች፣ የእንግዳ ባጅ ይሰጣታል፣ ከዚያ አንዲት ተማሪ ትረከባታለች። ያቺ ተማሪ የገባችበት ክፍል ሁሉ አብራ ትገባለች፤ ምሳም አብረው ነው። መልስ እንድትመልስ የሚያስገድዳት የለም። ትምህርቱ ባይገባትም አትደንግጥ፤ ተማሪዎቹ ምዕራፉን አጋምሰውታል፣ እሷ ገና መግባቷ ነው።

እንግዶች የሚጨነቁት ለክፍል ነው፤ የሚከብደው ግን የእረፍት ሰዓት ነው። ሁሉም ከጓደኛው ጋር ሲያወራ እንግዳዋ የምትለው ይጠፋታል። ስለዚህ ጥያቄ ይዛ ትምጣ፦ የቤት ሥራው ማታ ምን ያህል ያስቀምጣችኋል? ሳይገባሽ ሲቀር ማን ጋ ትሄጃለሽ? መጀመሪያ ስትገቢ ምን ከበደሽ? ይቺ የመጨረሻዋ ወሬውን ትከፍተዋለች፤ ሁላችንም የምንናገረው አለን።

የሁለት ልጆች አባት፦ እህቴ፣ ወላጅ በአብዛኛው አድርሶ ነው የሚመለሰው፤ ለወላጆች ሌላ ቀን ይያዛል። አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ፦ ዩኒፎርም ባይኖራት ምን ትልበስ፣ ምሳ ትቋጥር ወይ፣ ስንት ሰዓት ትለቀቃለች? ከመደበኛው ሰዓት ቀድመው የሚለቁ አሉ። ከሁሉም በላይ በዚያው ቀን የመግቢያ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ እንዳለ አጣሪ። ጉብኝት ነው ተብላ ሄዳ ፈተና ላይ ብትቀመጥ ለልጅ ከባድ ነው። የማይስማማት ምግብ ካለ ወይም መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ በጽሑፍ አሳውቂ። አሁን ከምትማርበትም ፈቃድ ጠይቂላት፣ ቀሪ እንዳትባል። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃታል።

መምህርት፦ የፈተና ሳምንት ወይም የበዓል ዝግጅት ያለበት ቀን ከሆነ ቀኑ እንዲቀየር ጠይቂ። ተራ የትምህርት ቀን ነው እውነቱን የሚያሳየው።

ልጅሽ አንድ ነገር ብቻ ትመልከት ብባል ይህን እመርጣለሁ፦ አንድ ተማሪ ሲሳሳት ምን ይሆናል? መምህሩ እንዴት ያርመዋል? ጓደኞቹስ ይስቁበታል ወይስ ይጠብቁታል? ዝምተኛ ልጅ አፏን የምትከፍተው መሳሳት በማያሳፍርበት ክፍል ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ክፍልና የተቀባው ግድግዳ ይህን አይነግራትም። ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ የሚሠራበት መሆኑን፣ መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ መሆኑን ትይ።

ጠያቂ እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ከተመደበችላት ተማሪ ጋር ባይግባቡስ?

መምህርት፦ ያቺ ተማሪ ትምህርት ቤቱ አይደለችም፤ ይህን ሳትሄድ ንገሪያት። ቢከፋት ወይም ቢያማት ቢሮ ገብታ «እናቴ ጋ ይደወልልኝ» ማለት እንደምትችልም ትወቅ። ማታ ስትመጣ ወዲያው «ወደድሽው?» አትበያት። በልታ ትረፍ፤ ከዚያ ሳትተኛ የታዘበችውን በራሷ ቃል ትጻፍ። ሌላ ትምህርት ቤትም የምታዩ ከሆነ ሁለቱን ለማነጻጸር ይጠቅማችኋል።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ እማማ፣ ስትደውዪ ዝምተኛ መሆኗንና የምትወደውን ነገር ንገሪያቸው፤ ሥዕልም ይሁን ሒሳብ ወይም ኳስ። እኛ ጋ የሚመድቡልን መምህር ይህን ካወቁ የምትመስላትን ልጅ ፈልገው ነው የሚያገናኙት። ሳይነገራቸው ሲቀር ግን የዚያን ቀን ነጻ የሆነ ተማሪ ነው የሚመደበው።