ሆማ ከፍ ብሎ ትራይግሊሰራይድ ደህና ሲሆን የቱን እንመን?

ሰላም፣ የስኳር ሕመም የሌለበትን አዋቂ ለኢንሱሊን ሬዚስታንስ (ሰውነት ለኢንሱሊን በደንብ ምላሽ አለመስጠት) ስንመረምር ሁለቱ ቀላል ስሌቶች ተጋጭተውብናል። ከ10 ሰዓት ጾም በኋላ ስኳሩ 95 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ኢንሱሊኑ 14 ማይክሮዩኒት በሚሊሊትር ነው። ሁለቱን አባዝተን ለ405 ስናካፍል ሆማው (HOMA-IR፣ ከጾም ስኳርና ኢንሱሊን ሬዚስታንሱን የሚገምተው ስሌት) 3.3 ገደማ ይመጣል፤ ከፍ ያለ ነው። ትራይግሊሰራይዱ (በደም ውስጥ ያለ የስብ ዓይነት) 110፣ ኤችዲኤሉ («ጥሩው» ኮሌስትሮል) 52 ሚሊግራም በዴሲሊትር ስለሆነ፣ ሁለተኛው ስሌት፣ ማለትም ትራይግሊሰራይዱ ለኤችዲኤሉ ሲካፈል፣ ግን 2.1 ብቻ ነው፤ ደህና ነው።

የአሃድ ስህተት የለም፤ ስኳሩ በሚሊሞል ቢሆን አካፋዩ 22.5 ይሆን ነበር። ናሙናው ውስጥ ቀይ የደም ሴል ፈንድቶ ይሆን እንዳንል፣ እሱ ኢንሱሊንን ያሳንሳል እንጂ አያበዛም። የወገቡ ዙሪያ 98 ሴንቲሜትር መሆኑ ወደ ሆማው እንድናደላ ያደርገናል። የሚያሳስበን የኢንሱሊን መመርመሪያ ኪቶች እርስ በርስ አለመስማማታቸው ነው፤ ሌላ ላቦራቶሪ ያወጣውን ወሰን መዋስ አያስተማምንም። ኢንሱሊኑን እዚያው ላቦራቶሪ እናስደግም ወይስ በ75 ግራም ግሉኮስ ወደሚሠራው የ2 ሰዓት ምርመራ እንለፍ?