ቆንስላ ሰው ነው ወይስ ቤት?

ጥያቄ፦ እህቴ ደብረ ማርቆስ ያለውን ቤቷን እንድሸጥላት ከጅዳ ውክልና ላከችልኝ። ማህተሙ «ቆንስላ ጄኔራል» ይላል። ጎረቤታችን ጋሼ «ጄኔራል ምን ጥልቅ አደረገው? ወታደር ነው እንዴ?» ብለው ጠረጠሩ። ቆንስላ ከኤምባሲ በምን ይለያል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጄኔራሉ አያስደንግጥህ። እዚህ ላይ «ዋና» ማለት ነው እንጂ ጦር አይመራም። ቆንስላ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ቆንስል ደግሞ ሹሙ። በድሮ ጽሑፍ «ቆንሲል» የሚልም ታገኛለህ። ሰው ሁሉ ይደባልቃቸዋል፤ «ቆንስላው መግለጫ ሰጡ» ሲባል ጆሮዬን ይቆረቁረኛል፣ ቤት መግለጫ የሚሰጥ ይመስል።

ኤምባሲ መንግሥትን ከመንግሥት የሚያገናኝ ስለሆነ መቀመጫው አብዛኛውን ጊዜ ዋና ከተማ ነው። ሳዑዲ ያለው የኛው ኤምባሲ ሪያድ ነው። ቆንስላ ግን ዜጋው ወይም ንግዱ ባለበት ይከፈታል፣ ለዚህ ነው ጅዳ ያለው። ፓስፖርት ያድሳል፣ ቪዛ ይመታል፣ ውክልና ያረጋግጣል፣ የታሰረ ዜጋ ይጠይቃል። ሕጋቸውም ለየቅል ነው፤ ኤምባሲ በ1961፣ ቆንስላ በ1963 (እ.ኤ.አ.) የቪየና ስምምነት ይተዳደራል። ኤምባሲ ውስጥም «ቆንስላ ክፍል» አለ፤ ግራ የሚያጋባው እሱ ነው።

ደግሞ ቃሉ ለጎጃም ባዳ አይደለም። ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ! ሜጀር ቺዝማን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ፣ በዚያው ጣናንና የዓባይን ሸለቆ በበቅሎ እየዞረ ካርታ አነሳ። እንግሊዝ ለሱዳንና ለግብፅ ውኃ ስትል ዓይኗን ጣና ላይ ጥላ ነበርና ዳንግላ በዋዛ የተመረጠች አትመስለኝም። በአፄ ቴዎድሮስ የታሰረው እንግሊዛዊው ካሜሮንም ቆንስል ነበር፤ «አምባሳደሩ» የሚሉት ተሳስተዋል።

ሌላ ጥያቄ፦ እሺ፣ ለጋሲዮንስ? አዲስ አበባ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚባል ሰፈር አለ።

መልስ፦ እሱ ከኤምባሲ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። የሚመራው አምባሳደር ሳይሆን «ሚኒስትር» ነው፤ ካቢኔ ውስጥ ያለው ሚኒስትር ግን አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለጋሲዮኖቹ አንድ በአንድ ወደ ኤምባሲ አደጉና ማዕረጉ ቀረ። ሰፈሩ ግን ስሙን አልለቀቀም፣ እንዲያውም ታክሲው አሳጥሮት «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ ይጣራል።

«ሚሲዮን» የሚለውንም ልጨምር። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ኤምባሲውንም ቆንስላውንም ጠቅልሎ «ሚሲዮን» ይላቸዋል። እኛ አገር ግን ሚሲዮን ስትል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሰባኪ ፈረንጅ ነው፣ ስለዚህ ለጋሼ ስታስረዳ ይቺን ቃል ዝለላት። ውክልናውንም ሳትሸጥበት መጀመሪያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ወስደህ አስረጋግጠው።