ጁኖ ሪአክተር ከአፍሪካ ከበሮ ጋር ተጫወተ ወይስ በአፍሪካ ከበሮ ነገደ?

የማታ ሺፍት፦ ጥያቄዬ አጭር ነው፣ እንደሚያጨቃጭቀን ግን አውቃለሁ። ጁኖ ሪአክተርን ለማታውቁ፣ እንግሊዛዊው ቤን ዋትኪንስ የሚመራው የትራንስ፣ ማለትም ምቱ የሚደጋገም የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ፣ ቡድን ነው፣ ከ1990 ጀምሮ አለ። ስሙን ባታውቁትም ሰምታችሁታል። በ2003 የወጣው «ማትሪክስ ሪሎድድ» ፊልም ላይ፣ ያ አውራ ጎዳና ላይ የሚደረገው የመኪና ማሳደድ፣ ሙዚቃው የሱና የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ የዶን ዴቪስ ነው። የቡድኑ ሙዚቃ መጀመሪያ ላይ ደረቅ የማሽን ድምፅ ነበር። በ1997 «ባይብል ኦፍ ድሪምስ» በሚለው አልበም ግን አማምፖንዶ የሚባሉትን የደቡብ አፍሪካ ከበሮ መቺዎች አስገባ፣ «ኮንጋ ፊውሪ»ን ሰራ፣ ከዚያ በኋላ ከበሮ መለያው ሆነ። ይሄ ትብብር ነው ወይስ ብዝበዛ? እኔ ብዝበዛ ነው ባይ ነኝ። ፖስተሩ ላይ የማን ስም እንዳለ እዩ።

ከበሮ መቺው፦ ወንድሜ፣ አማምፖንዶን እኮ ጫካ ውስጥ አላገኛቸውም። በ1979 ኬፕታውን፣ ላንጋ ሰፈር፣ ዲዙ ፕላትጂስ የመሰረተው ቡድን ነው። ትራንስ የሚባል ነገር ሳይኖር መድረክ ላይ ነበሩ። ከነሱ ጋር የነበረው ከበሮ መቺ ማቢ ቶቤጃኔም ቀድሞ ማሎምቦ ከሚባለው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ጋር ስም ያወጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሙያተኛ ተጠርቶ፣ ተስማምቶ፣ መጥቶ ሲጫወት «ተበዘበዘ» ማለት እሱን እንደ ልጅ መቁጠር ነው። ንቀት ይመስለኛል፣ ይቅርታ አድርግልኝና።

ሸክላ ሰብሳቢ፦ ኧረ ጎበዝ፣ ብዝበዛ ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ። ዲፕ ፎረስት የሚባል የሁለት ፈረንሳዮች ቡድን አለ። በ1992 «ስዊት ለላባይ» ብለው ያወጡት ሙዚቃ ዓለምን አዳረሰ። ውስጡ የምትሰማው ሴት አፉናክዋ ትባላለች፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያሉት የሰለሞን ደሴቶች ሰው፣ ማላይታ ከሚባለው ደሴት። ድምጿን በ1970 ገደማ የቀዳው ሁጎ ዜምፕ የሚባል የሙዚቃ ተመራማሪ ነው፣ በዩኔስኮ ሸክላ ላይ ወጥቷል። እሹሩሩ ነው። ቃሉ ወላጅ የሞተበትን ታናሽ ወንድም የሚያባብል ነው፣ ሰዉ ደግሞ ጭፈራ ቤት እጁን አንስቶ ይወዛወዝበታል። ይባስ ብሎ አልበሙ የመካከለኛው አፍሪካ ፒግሚዎች ድምፅ ተደርጎ ስለተሸጠ፣ ኖርዌጂያዊው ሳክስፎን ተጫዋች ያን ጋርባሬክ በ1996 ያንኑ ዜማ ሲጫወት «ፒግሚ ለላባይ» አለው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ ኮንጎ! ዜምፕ ራሱ በዚያው ዓመት ጽፎ ተቃውሟል። እሷን ማንም አልጠየቃትም፣ አብራም አልቆመችም። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ዋትኪንስ ጻድቅ ነው።

የማታ ሺፍት፦ የባሰ ሌባ ስላለ ይሄኛው ነጻ አይወጣም። ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም እኮ ሰውየው። ደቡብ አፍሪካ፣ ከዚያ «ቲሃውስ» በሚለው ሙዚቃ ላይ ጎኩ የሚባሉት፣ ታይኮ የሚባለውን የጃፓን ከበሮ የሚመቱት፣ ከዚያ «ናቭራስ» በሚለው ላይ ሳንስክሪት፣ የጥንት ህንድ ቋንቋ። እንደ ቅመም ከየአገሩ ቆንጠር አድርጎ መጨመር ነው።

ቤዝ ብቻ፦ ሙዚቃ ሁሌም እንዲህ ነው። ትራንሱ ራሱ የት አደገ? ጎዋ፣ ህንድ፣ ባህር ዳርቻ ላይ። ለሁሉም ነገር ቪዛ ልትጠይቁ ነው? 😂

እህተ ሙሴ፦ እኔ ደግሞ ልጠይቃችሁ። በ2010 ራፐሩ ናስና የሬጌው ዴሚያን ማርሌ የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ቆርጠው «አዝ ዊ ኤንተር» ላይ ሲያስገቡት ደረታችንን ነፍተን አላወራንም? ያኔ ብዝበዛ ያለ ሰው አላየሁም።

ሸክላ ሰብሳቢ፦ እህቴ፣ ሙላቱ ደራሲ ነው፣ ስሙ ሸክላው ላይ ተጽፏል። የሚጠየቅ ሰው አለ። አፉናክዋን ግን «የህዝብ ዜማ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ሆነላቸው።

ከበሮ መቺው፦ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ፣ እንጀራዬ ስለሆነ። ሄድፎን ታደርጋለህ፣ ፍጥነቱን የሚጠብቀው ክሊክ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ከሱ ዝንፍ እንዳትል ትባላለህ። ግማሽ ሰዓት ትመታለህ፣ ኢንጂነሩ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ያማረውን ሁለት ሜዠር (የጥቂት ሰከንድ ምት) ቆርጦ እስከ መጨረሻ ይደጋግመዋል። ክፍያህን ተቀብለህ ትወጣለህ። እኔ የመታሁትን በኋላ የሆነ ማስታወቂያ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ አምስት ሳንቲም የጨመረልኝ የለም። ስለዚህ ብዝበዛን አላውቀውም እንዳትሉኝ። ግን የጁኖ ሪአክተርን የመድረክ ቪዲዮዎች እዩ። ከበሮ መቺዎቹ ላብ በላብ ሆነው ይሞቃሉ፣ ሰዉ የሚያየው እነሱን ነው። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ብጠራ ነገ እሄዳለሁ።

የማታ ሺፍት፦ አየህ፣ ራስህ አመጣኸው። መድረክ ላይ መታየት ሌላ፣ የድርሰት ድርሻ ሌላ። ሙዚቃ ፊልም ውስጥ ሲገባ፣ ፊልሙ በቴሌቪዥን በታየ ቁጥር ገንዘቡ የሚሄደው ደራሲ ተብሎ ለተመዘገበው ነው። ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ አንዴ ተከፍሎት አለቀ። ችግሩ ደራሲ የሚባለው ዜማና ቃል ያወጣ ነው፣ ትራንስ ውስጥ ደግሞ ዜማው ኢምንት ነው፣ ቃልም የለውም ማለት ይቻላል። ምቱ ነው ሙዚቃው! ታዲያ ምቱን ያመጣው ሰው ለምን «ተጫዋች» ብቻ ይባላል?

ቤዝ ብቻ፦ እሺ ይሄ ነጥብ ነው። ግን እሱ የዋትኪንስ ጥፋት ሳይሆን የህጉ ነው።

የማታ ሺፍት፦ ህጉ ድርሻ አታካፍል አይልም እኮ። ከፈለገ የከበሮ መቺውን ስም ከጎኑ ማስገባት ይችላል፣ አንድ መስመር ነው።

እህተ ሙሴ፦ @ከበሮ መቺው አንተስ አሁን ስቱዲዮ ስትጠራ ምን ታደርጋለህ?

ከበሮ መቺው፦ መጀመሪያ ወረቀት። የት የት እንደሚውል ተጽፎ ካልፈረሙልኝ አልመታም። ሁለት ስቱዲዮ «አስቸጋሪ ነህ» ብሎ መጥራት አቁሟል። ሌሎቹ ግን ይፈርማሉ።