ሜሞሪ ላይ የተሠራ ኤክሴል ፋይል አልወርድ አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። በፍላስክ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) በምሠራው ዌብ አፕ ላይ ተጠቃሚው አንድ በተን ሲጫን የኤክሴል ሪፖርት እንዲወርድለት እፈልጋለሁ። የሰው የግል መረጃ ስላለበት ዲስክ ላይ ባይቀመጥ ይሻላል ብዬ ባይትስ አይኦ (ሜሞሪ ላይ ብቻ ያለ ፋይል) ውስጥ እጽፈዋለሁ፤ የማንበቢያ ቦታውን በሲክ ወደ ዜሮ፣ ማለትም ወደ ፋይሉ መጀመሪያ፣ መልሼ በሴንድ ፋይል (ፋይል በሚልከው የፍላስክ ፈንክሽን) እልከዋለሁ።

ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው። አድራሻውን ብራውዘሩ ላይ በቀጥታ ስጽፈው ይወርዳል፣ ኤክሴልም ያለ ችግር ይከፍተዋል። በተኑ በጃቫስክሪፕት ፌች (ከገጹ ሳይወጣ ሰርቨሩን በሚጠይቅ ፈንክሽን) ሲጠራው ግን ምንም አይወርድም። የብራውዘሩ ኔትወርክ ታብ 200 (ተሳክቷል) ይላል፣ መልሱ እንደ ፋይል ይውረድ የሚለው የአታችመንት ሄደርም አለ፣ ኮንሶሉ ላይ አንድም ኤረር የለም።

ተራ ሊንክ እንዳላደርገው ደግሞ ተጠቃሚው ለሪፖርቱ የመረጣቸው ማጣሪያዎች የሚላኩት በፖስት ነው (አድራሻው ላይ ሳይሆን በጥያቄው ውስጥ)። የፌቹን መልስ ወደ ብሎብ (ጃቫስክሪፕት የፋይል ይዘት የሚይዝበት ነገር) ልቀይረው ወይስ ተራ ፎርም ይሻላል? ፋይሉ ትልቅ ሲሆንስ የቱ ያዋጣል?