"ጨረስኩት" ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

የኋላ ወንበር፦
ትናንት እዚሁ አንዱ የጻፈውን አንብቤ ስናደድ አመሸሁ። "ያን የሐዘን ፊልም በ1.5 ፍጥነት ጨረስኩት፤ ምንም የለውም፣ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ" ይላል። ከስሩ ደግሞ "ተባረክ፣ ገላገልከን" የሚሉ ተደርድረዋል።

ወገን፣ የሁለት ሰዓት ፊልም በዚያ ፍጥነት 80 ደቂቃ ነው። 40 ደቂቃው የት ሄደ? ልንገራችሁ። ሴትዮዋ ባሏን ቀብራ ቤቷ ትገባለች። ውሃ ትጥዳለች። ከመደርደሪያው ሁለት ኩባያ ታወርዳለች። ቆማ ታያቸዋለች። ከዚያ አንዱን ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። አንድ ቃል አይነገርም። አንድ ደቂቃ ሙሉ። ፊልሙ ማለት ያ ነው። ያንን በ40 ሰከንድ ያሳለፈ ሰው "ምንም የለውም" ቢል አልፈርድበትም፤ እሱ ጋ ምንም አልደረሰማ። ግን ፊልሙን አየሁት አይበል።

ፈጣኑ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሜን ሳትጠራ ከምትወርፈኝ ፊት ለፊት ብትነግረኝ ይሻል ነበር። የከፈልኩት እኔ፣ ጊዜውም የኔ። ፍጥነቱንም እኔ አልፈጠርኩትም። የፊልም መተግበሪያው ኔትፍሊክስ ራሱ በፈረንጆቹ 2020 ስልክ ላይ ያስገባው ነው፤ ከ0.5 እስከ 1.5። ድምፁ እንኳን እንዳይቀጥን አድርገው ነው የሠሩት። ኩባያዎቹን አይቻቸዋለሁ። ገብቶኛል። ባሏ ሞቷል፣ ብቻዋን ቀርታለች። እሱን ለመረዳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

የኋላ ወንበር፦
"ገብቶኛል" አልክ። ሐዘን እንደ ሒሳብ የሚገባ ነገር ነው እንዴ? "ጨረስኩት" ያልከውም ለዚህ ነው። የሚጨረሰው የቤት ሥራ ነው። ስለ ሞት የተሠራ ፊልም ምኑ ይጨረሳል? በ2019 ፍጥነቱ ሊሞከር ነው ሲባል ስንት ዳይሬክተር እንደጮኸ ታስታውሳለህ። ሥራችንን አታበላሹብን ነበር ያሉት። ሰዎቹ አንድን ዝምታ ስንት ሰከንድ ትቆይ ብለው ሌሊት ሙሉ የሚከራከሩ ናቸው።

የማታ ወፍ፦
ቃል አትሰንጥቅ እንጂ። "መጽሐፉን ጨረስኩት" አንልም? "ትምህርቴን ጨረስኩ" አንልም? ሰውዬው አማርኛ ነው የተናገረው።

የኋላ ወንበር፦
እንላለን። ግን በየሦስት ገጹ አንድ እየዘለልን አንብበን "መጽሐፉ ምንም የለውም" አንልም። ካልንም እናፍራለን።

ፈጣኑ፦
ማፋጠንና መዝለል ይለያያል! እኔ አንድም ትዕይንት አልዘለልኩም። ሁሉንም አይቻለሁ።

ሪል፦
ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከፕሮጀክተር ጀርባ ነው። አንድ ነገር ልበል። ድምፅ ከመምጣቱ በፊት ፊልም የሚቀረጸውም የሚታየውም በአብዛኛው በእጅ በሚዞር ማሽን ነበር። ፍጥነቱ እንደ ሰውየው እጅ ነው። ባለ ሲኒማ ቤቶች በቀን አንድ ዙር ለመጨመር ብለው ማሽኑን ያፈጥኑት ነበር። ተመልካቹ ምንም አያውቅም። በሰከንድ 24 ምስል ላይ የረጋው በፈረንጆቹ 1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ሲገባ ነው፤ ፍጥነቱ ከተለወጠ ድምፁ ስለሚበላሽ። ስለዚህ "የዳይሬክተሩ ሰዓት" ድሮም እንደምታስቡት የተከበረ አልነበረም።

የኋላ ወንበር፦
ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ያኔ የተደረገው በደል ዛሬ የምናደርገውን ትክክል ያደርገዋል? እርስዎ ራስዎ አፍጥነው ያውቃሉ?

ሪል፦
አላውቅም። በኔ ጊዜ ድምፅ ነበረው። የኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። አንድ ሪል፣ ማለት አንዱ የፊልም ጥቅል፣ 20 ደቂቃ ያህል ነው። ሊያልቅ ሲል በምስሉ የቀኝ ላይኛው ጥግ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ ሁለተኛውን ማሽን አስነሳለሁ። ነጥቧ ስትደገም እቀይራለሁ። በመሀል ያሉት ሰባት ስምንት ሰከንዶች ናቸው። ዓይኔ ከጥጉ አይነሳም ነበር። ስንት የሚያስለቅስ ትዕይንት እያሳየሁ እኔ የማየው ነጥብ ብቻ። ሳስበው አንዳንዱን ፊልም መቶ ጊዜ አሳይቼ አንድ ጊዜ እንኳን አላየሁትም።

ወንድም ጋሻ፦
እናንተ "ፍጥነት ሀጢአት ነው" እያላችሁ የረሳችሁት ሰው አለ። እህቴ መስማት አትችልም። ከስር የሚጻፈው ቶሎ ቶሎ ሲያልፍ ፊትና ጽሑፍ እኩል ማየት አትችልም። 0.75 ላይ አድርጋ ነው የምታየው። ኔትፍሊክስም ያኔ ያለው ይህንኑ ነው፤ መስማት የተሳናቸውና የዓይነ ስውራን ማኅበራት ደግፈውታል። ዓይነ ስውራን ፈጣን ድምፅ መስማት ለምደዋል። ያ ቁልፍ ይነሳ የሚል ሰው መጀመሪያ እህቴን ያናግራት።

የኋላ ወንበር፦
ቁልፉ ይነሳ አላልኩም! እህትህ ዝግ የምታደርገው የበለጠ ለማየት ነው። እሱ የሚያፈጥነው ለመገላገል ነው። ሁለቱን አንድ ቅርጫት ውስጥ አትክተትብኝ።

ፈጣኑ፦
ለመገላገል መሆኑን በምን አወቅክ? ልቤ ውስጥ ገባህ?

የኋላ ወንበር፦
"ጨረስኩት" አልክ እኮ!

የማታ ወፍ፦
አሁንም እዚያው ቃል ላይ ነን። ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፊልም በስልክ መታየቱ ራሱ ነው ችግሩ። ሲኒማ ቤት ስትገባ መብራቱ ይጠፋል፣ በሩ ይዘጋል። ማፋጠን የለ፣ ማቆም የለ። ታዋቂው የአሜሪካ ዳይሬክተር ስኮርሴዚ እንኳን በፈረንጆቹ 2019 የሦስት ሰዓት ተኩል ፊልሙን "እባካችሁ በስልክ አትዩብኝ" ብሎ ለምኗል።

ወንድም ጋሻ፦
ለምኗል፤ ግን የፊልሙን ገንዘብ ማን ሰጠው? ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች አልፈልግም ሲሉት ኔትፍሊክስ ነው የከፈለው። "ሮማ" የሚለውን የሜክሲኮ ፊልምም አስታውሱ። ጥቁርና ነጭ፣ ቋንቋው ስፓኒሽና የሜክሲኮ ነባር ሕዝብ ቋንቋ የሆነው ሚክስቴክ፣ ታሪኩ የአንዲት የቤት ሠራተኛ። ዓለም ያየው በማን በኩል ነው? የፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ደግሞ ከፈረንጆቹ 2018 ጀምሮ በፈረንሳይ ሲኒማ ቤት የማይወጣ ፊልም ለውድድር አይገባም አለ። ኔትፍሊክስም ጥሎ ወጣ። "ሮማ" ወደ ቬኒስ ፌስቲቫል ሄዶ ዋናውን ሽልማት፣ የወርቅ አንበሳውን ወሰደ፤ በዓመቱ ደግሞ ሦስት ኦስካር።

የማታ ወፍ፦
ሽልማት አልጠየቅኩህም። በሲኒማ ቤትና በስልክ ያየው ሰው አንድ ፊልም አላየም ነው የምልህ።

ወንድም ጋሻ፦
ሲኒማ ቤት ያላሳየው ፊልም ሲኒማ ቤት ባለመታየቱ ሊወቀስ ነው?

ዝምታ፦
ይቅርታ፣ ብዙ አልጽፍም እዚህ። እናቴን ለሁለት ዓመት አስታመምኩ። ማስታወስ አቅቷት ነበር፤ በመጨረሻ እኔንም። ካረፈች ከወራት በኋላ አንድ ፊልም ጀመርኩ። እናቷ እየረሳቻት ያለች ልጅ ታሪክ ነው። ልጅቷ የእናቷን ፀጉር ስታበጥር እናትየው "እጅሽ ደስ ይላል፣ የማን ልጅ ነሽ?" ትላታለች። እናቴም በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ጨዋነት ነበር የምትጠይቀኝ። እዚያ ላይ አቆምኩት። ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። በማግስቱ አሥር ደቂቃ አየሁ። እንደገና አቆምኩት። ሲኒማ ቤት ቢሆን ተነስቼ ወጥቼ አልመለስም ነበር።

14 ደቂቃ ቀርቶኛል። አልጨረስኩትም። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የፊልሙ ምስል አለ፤ ከስሩ ልትሞላ ትንሽ የቀራት ቀይ መስመር። ላጠፋትም አልፈልግም፣ ልጨርሰውም አልቻልኩም።

የኋላ ወንበር፦
እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነፍሷን ይማር። ፊልም ማየት ማለት ይህ ነው። አንቺ 14 ደቂቃ ቀርቶሽ ከሁላችን በላይ አይተሽዋል። ፈጣኑ፣ አንብበው።

ፈጣኑ፦
አነበብኩት። እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ግን የኋላ ወንበር፣ የእሷን ሐዘን አንስተህ እኔን አትውገርበት። ደግሞ ተመልከት፤ እሷም የዳይሬክተሩን ሰዓት ሰብራዋለች። የሁለት ሰዓት ፊልም በስንት ቀን ነው ያየችው? የሷን መስበር ስታመሰግን የኔን ትኮንናለህ። ሕጉ ምንድን ነው? ማቆም ይፈቀዳል፣ ማፋጠን አይፈቀድም?

የኋላ ወንበር፦
አዎ! ሕጉ እሱ ነው። ስታቆመው ፊልሙ እየሠራብህ ነው። ስታፈጥነው ፊልሙን አላሠራ እያልከው ነው።

ፈጣኑ፦
እኔ ከሥራ የምገባው ሌሊት ነው። ከመተኛቴ በፊት ያለኝ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ወይ በ80 ደቂቃ አየዋለሁ ወይ ጭራሽ አላየውም። አንተ ጊዜ ስላለህ ጊዜ የሌለውን ሰው ስሜት የለህም ትለዋለህ።

የማታ ወፍ፦
ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ለምን አታይም?

ፈጣኑ፦
ነገ የምጨርሰው ሌላ ነገር አለ።

የኋላ ወንበር፦
ይኸው! "የምጨርሰው" አለ። እናንተው ፍረዱ።

ሪል፦
እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ የሠሪዎቹ ስም መውጣት ይጀምራል። ያኔ ከላይ በመስኮቴ አዳራሹን አይ ነበር። ሰው ወዲያው አይነሳም። አንዱ ፊቱን ይጠርጋል። ሌላው ኮቱን ይዞ ቁጭ ይላል። አሁን ልጄ ቤት ሳይ ስሞቹ ጥግ ላይ ወደምትገኝ ትንሽ ሳጥን ይገፋሉ፤ ቀጣዩ ፊልም አምስት፣ አራት፣ ሦስት እያለ ይቆጥራል። እንባህን ሳትጠርግ ሌላ ይጀምርልሃል። ፍጥነት ካላችሁ እሱ ነው ፍጥነት። ስለ ፊልሙ የሚታሰበው በዚያች ሰዓት ነበር።

ወንድም ጋሻ፦
ጋሼ፣ እሱን ማጥፋት ይቻላል። ቅንብሩ ውስጥ ገብተው በራሱ እንዳይቀጥል ማድረግ ይችላሉ።

ሪል፦
ማጥፋት ያለብኝ እኔ ለምን ሆንኩ?

ፈጣኑ፦
እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። ቆጠራው እኔንም ያናድደኛል።

የኋላ ወንበር፦
የምትቸኩለው ሰውዬ ቆጠራ ያናድድሃል?

ፈጣኑ፦
እኔ መቸኮልና ሌላ ሰው እኔን ማስቸኮል አንድ ነው?

ዝምታ፦
አንድ ነገር ልጠይቅ። ያን ፊልም እስከ መጨረሻው ያየው አለ? እናትየው በመጨረሻ ታውቃታለች? ወይስ እንደዚያው ታርፋለች? ሳላውቅ የቀረውን ለማየት ፈራሁ።

ፈጣኑ፦
አይቼዋለሁ። በ1.5። መጨረሻውን ግን በደንብ አስታውሳለሁ።

የኋላ ወንበር፦
እንዳትነግራት! 14ቱ ደቂቃ የሷ ናቸው። ዝምታ፣ እባክሽ እንዲህ አይሁን። ጊዜሽን ወስደሽ ራስሽ እይው።

ዝምታ፦
የኋላ ወንበር፣ ለቀናነትህ አመሰግናለሁ። ግን ይህን አንተ አትወስንልኝም። ፈጣኑ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።