በዛብህ ባይሞትስ? የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፋን ፊክሽን አንብቤ ግራ ገብቶኛል

የማታ አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው። አንዲት ልጅ ቴሌግራም ላይ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጨረሻ ቀይራ በ14 ክፍል ጽፋዋለች። በእሷ ታሪክ በዛብህ አይሞትም። ሽፍቶቹ መንገድ ላይ ያቆስሉታል፣ ሰብለ ትደርስለታለች፣ እስከዚህ እንደ መጽሐፉ ነው። ከዚያ ግን አስታማው ይድናል። ተያይዘው አዲስ አበባ ይገባሉ፣ ይጋባሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ።

መጀመሪያ በጣም ነው የወደድኩት። ክፍል 6 ላይ ሰብለ ውኃ በቅል ይዛ ቀና ልታደርገው ትሞክራለች፣ ግን ቁስሉን እንዳትነካበት ፈርታ አንገቱን መያዝ ያቅታታል። እጇ ይንቀጠቀጥና ውኃው ደረቱ ላይ ይፈስሳል። እሱ ዓይኑን ሳይገልጥ «ሰብለ ነሽ?» ይላታል። እዚያ ላይ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ እህቴን እንዳልቀሰቅስ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ። ሃይስኩል እያለሁ መጽሐፉን ስጨርስ «ምናለ ባይሞትባት» ብዬ ስንት ቀን ተብከንክኜ ነበር፣ ያንን ምኞቴን ሰው የጻፈልኝ መሰለኝ።

ከክፍል 9 በኋላ ግን የሆነ ነገር ጎደለኝ። ቤት ይከራያሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። ማንም አይመጣባቸውም። ሰብለ አባቷን አንዴ እንኳ አታነሳም። ወዳጃቸው ጉዱ ካሳ ክፍል 3 ላይ ተሰናብቶ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጨርሼው ስልኬን ሳስቀምጥ ልቤ ባዶ ሆነ። የማውቃቸው ሰብለና በዛብህ አልመስል አሉኝ።

ኮሜንት ላይ ሁሉም ልብ ብቻ ነው የሚልክላት። እኔም ልኬያለሁ። አሁን የተሰማኝን ልንገራት ወይስ ልተወው? ደግሞስ መጨረሻውን መለወጥ ራሱ ልክ ነው ትላላችሁ?

ከማንኩሳ ማዶ

እኔ ልክ አይደለም ባይ ነኝ፣ በግልጽ ልናገር።

በዛብህን የገደሉት ሽፍቶቹ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እሺ፣ ሽፍቶቹን ከመንገድ ማንሳት ቀላል ነው። ግን በዛብህ እዚያ መንገድ ላይ ምን ሊሠራ ተገኘ? ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ጠፍቶ ስንቱን ጠያቂ ሲመልሱ ኖሩ። ሰብለ ዕድሜዋ እየሄደ ቤት ቀረች። በመጨረሻ የምትወደው ሰው ሲመጣ ደግሞ የድሃ ልጅ፣ ሊያስተምራት የተቀጠረ የቆሎ ተማሪ ሆነ። ያ ልጅ ጎጃምን ጥሎ የሸሸው ለዚህ ነው። ሲመለስም መንገድ ላይ የቀረው ለዚህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚያስለቅሰን ሁለት ሰው ስለሞተ ብቻ አይመስለኝም። ያገራችን ወግ እንዴት አድርጎ እንደገደላቸው ገጽ በገጽ ስላሳዩን ነው።

ጉዱ ካሳን ማጥፋቷ ደግሞ ይበልጥ አናዶኛል። ሰውየው እኮ «ጉዱ» የተባለው ሌላው የማያየውን አይቶ ስለተናገረ ነው። መጨረሻው ከእነሱ ጋር አንድ መቃብር ነው። እሱን አስወጥቶ ፍቅራቸውን ብቻ ማስቀረት ቤቱን ያለ ምሰሶ ማቆም ነው።

አንድ ነገር ላመስግናት ግን። አንቺ የጠቀስሽውን ታሪክ አሁን ከፍቼ አየሁት፣ «ቋንቋ» ሳትል «ቁዋንቁዋ» ብላ ነው የጻፈችው፣ ልክ እንደ ሐዲስ። መጽሐፉን በጆሮዋ ብቻ ያወቀች ልጅ ይህን አታውቅም። በዓይኗ፣ ቃል በቃል አንብባዋለች።

እትዬ ከሳሪስ

ልጆች፣ እኔ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያወቀችው በሬዲዮ ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው። ሰዓቱ ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነው የምታዳምጠው። እንዝርቱ ሲሾር ይሰማኛል፣ ልክ ሰብለ ስትናገር ቀጥ ይላል። ወጋየሁ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ እኛ ልጆቹ እንኳ መተንፈስ እንፈራ ነበር። በዛብህ የሞተ ዕለት እናቴ እንዝርቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እውነቴን ነው፣ ለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው። ጎረቤታችን የነበሩ ሴትዮ ደግሞ «አሁን ይሄን ልጅ ቢያተርፉት ምን ይጎድልባቸው ነበር!» ብለው ደራሲውን ተቆጡ። ከዚያ ቡናው እስኪያልቅ ድረስ ቢተርፍ ኖሮ የት እንደሚኖሩ፣ ማን እንደሚያስታርቃቸው፣ ፊታውራሪ ምን እንደሚሉ እናቶቻችን ሲያወሩ አመሹ።

ይቺ ልጅ የጻፈችው እናቶቻችን ያን ማታ ያወሩትን ነው። ልክ አይደለም አትበሉ። መጽሐፉ እንደሆነ ማንም አይነካውም፣ ከነመጨረሻው ተቀምጧል።

ግን ልብ በሉ፣ እነዚያ እናቶች እንኳ «ማን ያስታርቃቸዋል?» ብለው ጠይቀዋል። ዝም ብለው አልዳሯቸውም። ልጅቷ የዘለለችው እሱን ይመስለኛል።

ቅኔ ቤት ያልገባሁ

እትዬ፣ የእናትዎ ነገር ሆዴን አባባው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

እኔም 14ቱንም ክፍል ትናንት ማታ አነበብኩ። የማታ አንባቢ፣ የጎደለሽ ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። ስለቱ ነው።

በዛብህ የስለት ልጅ ነው። ወላጆቹ በሕይወት ከቆየልን ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን ያገልግል ብለው የተሳሉት ልጅ። ሰብለን ሲወድ ፊታውራሪን ብቻ አይደለም የፈራው። የእናቱን ቃል እያፈረሰ ነው፣ ያውቀዋል፣ ይሄ ፍርሃት ሌሊት ሌሊት አብሮት ያድራል። ፊታውራሪን አባይን ተሻግሮ ማምለጥ ይቻላል። ስለቱን ግን አዲስ አበባም ይዞት ነው የሚገባው። እና ክፍል 11 ላይ ሲጋቡ አንዲት ቃል የለችም! ልጅ ሲወለድ፣ ልጁ ሲታመም (ክፍል 13 ላይ ይታመማል እኮ) አባትየው «በእኔ ኃጢአት ነው» ብሎ አይደነግጥም? እኔ የማውቀው በዛብህ ያን ሌሊት ዓይኑን አይከድንም። ሰብለ ደግሞ ቁጭ ብላ ታየዋለች፣ ምን ብላ እንደምታጽናናው ይጠፋታል። ይሄንን ብትጽፈው እኔ ከማንም ቀድሜ አነበዋለሁ። ከሽፍታ አድናዋለች፣ ከስለቱ ግን ገና አላዳነችውም።

ንገሪያት እህቴ። ግን በኮሜንት አይደለም፣ በውስጥ መስመር። መጀመሪያ ስለ ቅሉና ስለ ውኃው ንገሪያት፣ ማልቀስሽንም አትደብቂ። እንዲህ የምትጽፍ ልጅ ልብ ብቻ ሲላክላት ማዘን ነው ያለባት። ማንም ልብ ብሎ እንዳላነበባት ነው የሚቆጠረው።

ከማንኩሳ ማዶ

የስለቱን ነገር እኔም ዘልዬው ነበር፣ አመሰግናለሁ። ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። ግን እንደሱ አድርጋ ከጻፈችው አነባለሁ። ጉዱ ካሳን ትመልስልኝ እንጂ። ልጁ የታመመ ዕለት በሩን አንኳኩቶ ቢገባ፣ በዛብህን ፊት ለፊት «ስለት የተሳለው ማን ነው? አንተ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው እሱ ብቻ ነው።

የማታ አንባቢ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እትዬ፣ መልስዎን ለእህቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷም ዝም አለች።

ትናንት ማታ ጻፍኩላት። እንዳላችሁኝ ከቅሉ ጀምሬ ነው። ከዚያ ስለ ስለቱ፣ ስለ ሰብለ አባት፣ ስለ ጉዱ ካሳ። ረጅም ሆነብኝ፣ ልላከው አልላከው እያልኩ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

ጠዋት መልሷን አገኘሁ። ስለቱን አልረሳችውም። «ፈርቼ ነው የዘለልኩት» አለችኝ። እንዴት እንደምትፈታው ስለጠፋት፣ ብታነሳው ደግሞ እንደገና የምትገድለው ስለመሰላት። ክፍል 11ን ሦስቴ ጽፋ ሦስቴ አጥፍታዋለች። በአንደኛው በዛብህ የንስሐ አባት ፍለጋ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ሄዶ ሳይገባ ይመለሳል። ያንን ላከችልኝ። ሁለት ገጽ ናት። በሩ ላይ ቆሞ ከውስጥ ማኅሌቱን ይሰማል፣ ከንፈሩ ዜማውን አብሮ ይላል፣ ድምፁ ግን አይወጣም።

ይሄን ለምን አጠፋሽው ብዬ ጻፍኩላት። እስካሁን አልመለሰችልኝም። ኦንላይን ናት ግን፣ እየጻፈች እንደሆነ ያሳየኛል።