ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ቆሮሶን በአኮስቲክ ታግ መከታተል፦ ለባሕር የተጻፈው መመሪያ ለእኛ ይሆናል?

ፊላ_ዳር (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቆሮሶ በዳርቻው ፊላና ሣር ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ መቼስ ወደ ሐይቁ መሐል እንደሚወጣ በአኮስቲክ ታግ (ዓሣው ሆድ ውስጥ ተሰፍቶ መለያ ቁጥሩን በድምፅ የሚጠራ ትንሽ መሣሪያ) ለመከታተል እቅድ እያወጣን ነው። ልንመልሰው የምንፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከዳርቻው 2 ኪሎ ሜትር ያህሉ በመራቢያ ወቅት ከመረብ ቢከለል ዓሣው እዚያው ይቆያል ወይስ በማግሥቱ ወጥቶ ከውጭ ያለው መረብ ይይዘዋል?

ያገኘኋቸው መመሪያዎች ሁሉ ለባሕር ጥብቅ ክልሎች የተጻፉ ናቸው። የሚያወሩት ስለ ኮራል ሪፍ፣ ስለ ሻርክና ስለ ጨዋማ ውሃ ነው። የእኛ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ቢበዛ 22 ሜትር አካባቢ ሲሆን ታቹ ደለል ነው። ልናገኝ የምንችለው 12 ሪሲቨር (ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የታጉን ጥሪ የሚመዘግብ መሣሪያ) እና 30 ባለ 69 ኪሎኸርዝ ታግ ነው። ሪሲቨሮቹን ምን ያህል ላራርቃቸው? ታጉ በየስንት ሰከንዱ ይጥራ? ቀዶ ጥገናው ላይ በብዛት የሚበላሸው ምንድን ነው? አምባዛንም ጨምሩ የሚሉን አሉና እሱስ ያዋጣል? ለምትሰጡኝ ምላሽ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ጥልቅ_ውሃ፦
እህታችን፣ ከሁሉ በፊት ሪሲቨሩ ሐዋሳ ላይ እስከ የት እንደሚሰማ ለኪ። የሌላ ቦታ ቁጥር እንዳለ አትውሰጂ። ባሕር ውስጥ የ69 ኪሎኸርዝ ድምፅን በዋናነት የሚመጠው ማግኒዥየም ሰልፌት ነው፤ በኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል በላይ ይወስዳል። ጨው በሌለው ውሃ የሚጠፋው 1 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ሐይቅ ውስጥ ሩቅ ይሰማል» ብሎ ሪሲቨሮቹን ኪሎ ሜትር አራርቆ ይጥልና ከመረጃው ግማሹን ያጣል። ሐይቅ ውስጥ ጥሪውን የሚያፍኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ነፋስ ከላይ የሚያስገባው አረፋ፣ ቅጠል ላይ የሚለጠፉ የጋዝ ጠብታዎች፣ የጀልባ ሞተር፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ደግሞ ማሚቶ።

ማሚቶው ብዙ ሰው ያሳስታል። አንድ ጥሪ ማለት ከ3 እስከ 4 ሰከንድ የሚፈጅ የምቶች ሰልፍ ነው፤ መለያ ቁጥሩ ያለው በምቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ታጉ ለሪሲቨሩ በጣም ሲቀርብ ከውሃው ገጽ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅም እንደ ምት ይቆጠርና ቁጥሩ ይፈርሳል። ስለዚህ 50 ሜትር ላይ ያለ ታግ 200 ሜትር ላይ ካለው ያነሰ ቢመዘገብ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለሽ አትመልሺው።

ልኬቱ እንዲህ ነው። አንድ ሪሲቨር ጣይና ታጎችን በ50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 400 እና 600 ሜትር ላይ በገመድ እሰሪ። ነፋሻም ጸጥ ያለም ቀን እንዲገጥምሽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ከተላከው ጥሪ ስንቱ እንደተመዘገበ በየሰዓቱ አስይና ግማሹ የሚሰማበትን ርቀት አግኚ። ይህን አንድ ጊዜ ክፍት ውሃ ላይ፣ አንድ ጊዜ ፊላው ጠርዝ ላይ አድርጊው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ይሆናሉ ብለሽ አትጠብቂ።

ከ30ዎቹ ታጎች አንዱን ደግሞ ለዓሣ አትስጪው። በየ10 ደቂቃው እንዲጠራ አስደርጊና ከአንድ ሪሲቨር 250 ሜትር ርቀት ላይ እስከ ጥናቱ መጨረሻ ታስሮ ይቆይ። ዓሣ የሚያክል ነገር ትሰዊያለሽ፤ ግን ያለ እሱ «ከሰዓት በኋላ ዓሣው ከክልሉ ይወጣል» ስትዪ የወጣው ዓሣው ይሁን ወይስ ነፋስ ተነሥቶ ሪሲቨሩ የደነቆረ ማወቂያ የለሽም። ሪፍ ላይ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፤ እዚያ ያሉት ሽሪምፕ የሚባሉ ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት ሌሊት ስለሚንጫጩ የሚመዘገበው ጥሪ ማታ ይቀንሳል፤ ይህን ያላገናዘበ ሰው ዓሣው ሌሊት ሌሊት ይሰደዳል ብሎ ይደመድማል።

ግማሹ የሚሰማበት ርቀት 250 ሜትር ሆኖ ቢገኝ እንበልና፣ ክልሉም ከዳርቻ 700 ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ድንበሩ 3.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 8 ሪሲቨር በ425 ሜትር ልዩነት ድንበሩ ላይ፣ 2 ፊላው ጠርዝ ላይ፣ 2 ከድንበሩ ውጭ። የውጮቹን ለመቆጠብ አትሞክሪ። እነሱ ከሌሉ ድንበሩ ላይ ተሰምቶ ዝም ያለ ዓሣ ወጣ ወይስ ተመልሶ ፊላ ውስጥ ተደበቀ የሚለው ሳይመለስ ይቀራል።

ፊላ_ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጥሪውን በአማካይ በየ60 ሰከንዱ ላድርገው ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥሪ ብዙ መረጃ ነው በሚል።

ጥልቅ_ውሃ፦
አይደለም፤ ይጋጫሉ። ሁሉም ታግ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚጠራው፤ ሁለት ጥሪ ከተደራረበ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ አንዳንዴም የሌለ መለያ ቁጥር ይፈጠራል። 20 ዓሣ አንድ ሪሲቨር አጠገብ ተሰብስቦ (ቆሮሶ ደግሞ በመራቢያ ጊዜ ይሰበሰባል) ጥሪው በአማካይ በየ120 ሰከንዱ ቢሆን፣ ሳይጋጭ የሚያልፈው 34 በመቶ ያህል ነው። ከእያንዳንዱ ዓሣ በሰዓት 10 ጥሪ ገደማ ታገኛለሽ። ወደ 240 ሰከንድ ብታሳድጊው 58 በመቶው ያልፋል፤ በሰዓት 8 ወይም 9 ጥሪ ማለት ነው። መረጃው ብዙም ሳይቀንስ የታጉ ባትሪ ሁለት እጥፍ ለመቆየት ይጠጋል። ክፍተቱ ቋሚ ሳይሆን ተለዋዋጭ ይሁን፤ ለምሳሌ ከ180 እስከ 300 ሰከንድ። ቋሚ ከሆነ አንዴ የተጋጩ ሁለት ታጎች ደጋግመው ይጋጫሉ።

ቀጭን ስፌት፦
ቀዶ ጥገናው ላይ ልግባ። ታጉ አየር ላይ ሲመዘን ከዓሣው ክብደት 2 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ልማድ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ረጅሙ ታግ 4.7 ግራም ስለሆነ ከ235 ግራም በታች ያለ ቆሮሶ ይለፍዎት።

ዓሣውን አንቆ ከሚይዝ መረብ የወጣ ዓሣ አይጠቀሙ። ቅርፊቱ ተልጧል፣ ክንፉ ተሰንጥቋል፤ ቢሞት የገደለው መረቡ ይሁን ቢላዋው አይለይም። ዳርቻ ላይ በጎታች መረብ ይያዝ ወይም በመንጠቆ። የቆሮሶ የአየር ከረጢት ከአንጀቱ ጋር የሚገናኝበት ቱቦ ስለሌለው ከጥልቅ በፍጥነት ሲወጣ ይነፋበታል፤ ሆዱ የተወጠረ ዓሣ ይተዉ። የሴቷን አፍ ከፍተው ይመልከቱ፤ ዕንቁላል ወይም ጫጩት ከያዘች ወዲያው ይልቀቋት፤ ስትጨነቅ ትተፋዋለች።

የቅርንፉድ ዘይት ከሆነ የሚያደነዝዙት፣ 1 እጅ ዘይት በ9 እጅ አልኮል ይበጥብጡ፤ ዘይቱ ብቻውን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም። ከድብልቁ በሊትር 0.4 ሚሊ ሊትር ይጀምሩ፤ ይህ 40 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ዓሣው ሚዛን አጥቶ እስኪገለበጥና ጅራቱ ሲቆነጠጥ ዝም እስኪል ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃል። ከ6 ደቂቃ በላይ ከወሰደ መጠኑን ትንሽ ከፍ ያድርጉ። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ግማሽ መጠን ያለው ውሃ በቀጭን ቱቦ ስንጥቡ (መተንፈሻው) ላይ ይፍሰስ። ሐዋሳ 1,680 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃው መያዝ የሚችለው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል 18 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ለባሕር ዳር የተጻፈውን የዓሣ ብዛት በበርሜል አይቅዱ፤ አየር መንፊያም ይኑርዎት።

ማግኔቱን ከታጉ አንሥተው ከመስፋትዎ በፊት ባልዲ ውስጥ ከሪሲቨር ጋር ይሞክሩት። ማግኔቱ ሳይነሣ የተሰፋ ታግ አይጠራም። ታጉን በክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ ፈሳሽ) ነክረው በንጹሕ የጨው ውሃ ያለቅልቁት፤ በእንፋሎት አይቀቅሉት፣ ባትሪው ይሞታል። መቁረጫው መስመር ላይ ከ3 እስከ 5 ቅርፊት ያንሡ፤ በሆድ ክንፉና በፊንጢጣው መካከል ከመሐል መስመሩ ትንሽ ጎን ብለው ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይቅደዱ። ቆሮሶ ተክል በል ስለሆነ አንጀቱ በጣም ረጅም ነው፤ ከሆዱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስለሚተኛ ቢላዋውን ወደ ላይ እያነሡ ይቁረጡ። አንድ ቀን ሳይበላ የቆየ ዓሣ ቢሆን ይሻላል። ሁለት ወይም ሦስት ስፌት፣ ውፍረቱ ባለ 3-0 ወይም 4-0 የሆነ ነጠላ የቀዶ ጥገና ክር፤ የተገመደ ክር ቆሻሻና ባክቴሪያ ይስባል።

አምባዛን በመጀመሪያው ዓመት ይተዉት። የአምባዛ ዘመድ በሆነው የአሜሪካ ዓሣ፣ በቻናል ካትፊሽ ላይ ታጉ በአንጀት ግድግዳ ዘልቆ ገብቶ በፊንጢጣ ሲወጣ ታይቷል። የእኛው አምባዛ ሌላ ዝርያ ቢሆንም፣ ከመስክ በፊት ጥቂቱን በኩሬ ውስጥ ባዶ ታግ ሰፍቶ ለሁለትና ሦስት ወር መጠበቅ ግዴታ ነው።

ገመድና ደለል፦
ስለ መልሕቁ አጭር ልበል። ባለ 50 ኪሎ ኮንክሪት ውሃ ውስጥ 29 ኪሎ ነው፤ ደለል ደግሞ ረጅምና ጠባቡን ይውጠዋል። ያገለገለ የመኪና ጎማ በኮንክሪት ሙሉና መሐሉ ላይ የታጠፈ ፌሮ ትከሉ፤ ሰፊ ስለሆነ አይሰምጥም። ሪሲቨሩ ከታቹ 2 ሜትር ከፍ ይበል፣ የሚሰማበት ጫፍ ወደ ላይ፤ ተንሳፋፊው ቢያንስ አንድ ሜትር ከሱ ይራቅ፣ አለበለዚያ ድምፁን ይጋርደዋል። ውሃ ላይ የሚታይ ጀሪካን አታድርጉ፤ የመረብ ምልክት ይመስላል፣ ይነሣል። ይልቁንም ከ40 ሜትር ርቀት ላይ ሁለተኛ ክብደት ጥላችሁ ሁለቱን በታች በገመድ አያይዟቸው፤ የሁለቱንም ጂፒኤስ ያዙ፤ ለማውጣት በመሐላቸው ገመዱን የሚይዝ መንጠቆ ይጎተታል። በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ጉማሬ የሚመላለስበትን ተዉ።

የሪሲቨሩ ባትሪ ባለ 3.6 ቮልት ሊቲየም ነው። መልኩና ልኩ ወፍራሙን የባትሪ ድንጋይ ስለሚመስል ከሱቅ ገዝቶ የሚከት አለ፤ እሱ 1.5 ቮልት ነው። ትርፉን ከዕቃው ጋር አብራችሁ እዘዙ።

ሰዓት ቆጣሪ፦
ሪሲቨሩ የሚመዘግበው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ብላችሁ ማስታወሻ ላይ የጻፋችሁት መሣሪያው ላይ 6፡00 ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ 9፡00። ሦስቱ በአንድ ሠንጠረዥ ከተቀላቀሉ ዓሣው ጎሕ ሲቀድ ወጣ ያላችሁት እኩለ ሌሊት ላይ ሊሆን ይችላል። የመስክ ደብተሩ ላይ ሁለቱንም ሰዓትና ሁለቱንም የቀን አቆጣጠር ጻፉ። በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰማ መለያ ቁጥር ከግጭት የተፈጠረ ሊሆን ስለሚችል ከትንተናው አውጡት።

የዓሣ ገበያውን፣ አሞራ ገደልን ሳትረሱ። የተሰፋበት ዓሣ መያዙ አይቀርም፤ እዚያ ደግሞ ዓሣ ጥሬውንም ይበላል። ኤምኤስ-222 የተባለው ማደንዘዣ በአሜሪካ ሕግ ዓሣው ለምግብ ከመዋሉ በፊት 21 ቀን ይፈልጋል፤ የቅርንፉድ ዘይት እዚያ ለምግብ ዓሣ ማደንዘዣነት አልተፈቀደም። ስለዚህ ከጀርባው ክንፍ ሥር ደማቅ ቀለም ያለው የውጭ ምልክት አድርጉ፣ በአማርኛና በሲዳምኛ «አይበላ፣ ደውሉ» የሚል ከስልክ ቁጥር ጋር፤ ለሚያመጣው ከዓሣው ዋጋ በላይ ክፈሉ። ይህን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለአጥማጆቹም፣ ዓሣውን ለሚከፍቱትም ንገሩ። ካልነገራችሁ ታጉ ከሆድ ዕቃው ጋር ይጣላል። አባ ኮዳ ከዋጠው በቃ ጠፋ። ውሃ ውስጥ ከወደቀ ግን የከፋ ነው፤ አንድ ቦታ ተቀምጦ ባትሪው እስኪያልቅ ይጠራል፤ ሠንጠረዣችሁ ላይም ከክልሉ ንቅንቅ የማይል ታማኝ ዓሣ ሆኖ ይቆጠራል።